የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ስለ መጠገንና ስለ እጅ ሥራ ክብር

በዓመት አንድ ጊዜ በምትታተመው በዚህች መጽሔታችን ላይ ጓደኞቼ ስለ ሀገር ፍቅር፣ ስለ ስሜን ተራሮች ውበት፣ ስለ ዋልያና ስለ ጭላዳ፣ ስለ መልካም ጠባይም ጽፈዋል። ሁሉም ግሩም ነው። እኔ ግን ሰው የሚያውቀውን ቢናገር ይሻላል ብዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በማታ ስሠራው ስለ ቆየሁት ሥራ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድሁ። ሥራውም በከተማችን ሰው ሁሉ «ፕሌይስቴሽን» እያለ የሚጠራውን የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ሲበላሽ በቤት ውስጥ ፈትቶ መጠገን ነው። «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆኖ በመጽሔት ይወጣል?» የሚል ወላጅ ወይም መምህር ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው አንብቦ እንዲፈርድ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ የተወለድሁት ከደባርቅ ከተማ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ ነው። በቀበሌያችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሌለ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ ሁሉ እኔም ከጓደኞቼ ጋር በደባርቅ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ ቤት ሄጄ ድርቆሽ፣ በሶና ሽሮ ይዤ እመለሳለሁ። ስንቅ ከቤት ይመጣል፤ የቤት ኪራይ ግን ከጓሮ አይበቅልም። ገብሱ በደህና ዋጋ ያልተሸጠ እንደ ሆነ፣ የኪራዩ ቀን ሲደርስ ከመካከላችን አንዱ ደብተሩን ጠቅልሎ ወደ በግ ጥበቃ ይመለሳል። በ9ኛ ክፍል በአንድ ወንበር ላይ ሦስት ሆነን እንቀመጥ ነበር፤ 10ኛ ክፍል ስንገባ ሁለት ብቻ ቀረን። ይህን ማንሣቴ ለማሳዘን አይደለም። ስለ ካቻቢቴና ስለ ብሎን የምናገረው ነገር ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ አስቀድሞ መታወቅ ይገባዋል።

በ2016 ዓ.ም. 10ኛ ክፍል ሳለሁ፣ በከተማው ካሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች በአንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት እየጠረግሁ የተጫዋቾቹንም ሂሳብ እየመዘገብሁ እሠራ ነበር። ቤቱ ጠባብ ነው፤ አራት ቴሌቪዥን፣ አራት መሣሪያ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮችም አሉበት። ጨዋታው ሁልጊዜ የእግር ኳስ ነው፤ የተሸነፈ ተነሥቶ ለተረኛው ይለቃል፤ ጫጫታው ከሜዳው አያንስም። በአንደኛው ማዕዘን ግን አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ተቀምጦ ነበር። ከውስጡ «የሞቱ» የተባሉ አሥራ አንድ ጆይስቲኮችና ሦስት መሣሪያዎች ነበሩ። ባለቤቱን «ጋሼ፣ እነዚህ ምን ይሠሩልዎታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ጎንደር ልኬ ላሠራቸው አስቤ ነበር፤ የመጓጓዣውና የጥገናው ዋጋ ተደምሮ ከአዲስ እኩል ቢሆንብኝ ተውሁት። ከፈለግህ ውሰዳቸው» አሉኝ። ጆንያውን ተሸክሜ ወደ ክፍላችን የገባሁት በዚያው ዕለት ማታ ነው።

ስለ መሣሪያው ታሪክ ጥቂት ልበል። ፕሌይስቴሽን 2 የተባለው መሣሪያ፣ ሶኒ ከተባለው የጃፓን ኩባንያ ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በማርች 2000 ነው። በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ ፋብሪካው ይህን መሣሪያ መሥራቱን ማቆሙ ተነገረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጡት የእግር ኳስ ጨዋታዎችም ለእሱ ከተዘጋጁት የመጨረሻዎቹ መካከል ናቸው። እንግዲህ በከተማችን የምናያቸው ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከእኛ ከተማሪዎቹ በዕድሜ ይበልጣሉ ማለት ነው። ባለጸጋ አገር አዲሱን ገዝቶ አሮጌውን ሲጥል፣ አሮጌው ባሕር ተሻግሮ ወደ እኛ ይመጣል። ፋብሪካው የተወውን ዕቃ በሕይወት የሚያኖረው እንግዲህ ጠጋኙ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የፈታሁት ጆይስቲኩን ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚበላሸውም እሱ ነውና። በጀርባው ያሉት ትንንሽ ብሎኖች ሲፈቱ፣ በውስጡ ሰው የሚፈራውን ያህል የተወሳሰበ ነገር አይገኝም። ከየቁልፉ በታች እንደ ትንሽ ጉልላት ያበጠ ጎማ አለ፤ ከጎማው ሥር ጥቁር ካርቦን ተለጥፏል። ጣት ሲጫነው ካርቦኑ ወርዶ በስስ ፕላስቲክ ላይ የታተሙትን ሁለት መስመሮች ያገናኛል፤ ኤሌክትሪኩ ያልፋል፤ በቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ተጫዋችም ኳሱን ይመታል። ላብ፣ አቧራና የምግብ ቅባት በመካከላቸው ሲገባ ግን መስመሩ አይገናኝም። ልጁም «እንቢ አለኝ» እያለ በአውራ ጣቱ ይደቁሰዋል፤ ይህም ጎማውን ይጨርሰዋል። መድኃኒቱ ጥጥና ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ንጹሕ አልኮል ነው። አንድ ሰው «አረቄስ አይሆንም ወይ?» ብሎኝ ነበር። አረቄ ውኃም ሌላ ነገርም አለበት፤ ሲደርቅ እድፍ ይተዋል፤ ስለዚህ እሱን ለሠርግ ማቆየት ይሻላል።

በአውራ ጣት የምናዞረው ዱላ ደግሞ ሌላ ነው። ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ተለዋዋጭ ሬዚስተሮች አሉ፤ አንዱ የግራና የቀኙን፣ ሌላው የላይና የታቹን እንቅስቃሴ ይለካል። በውስጣቸው ቀጭን ብረት በካርቦን መንገድ ላይ እየተንሸራተተ የኤሌክትሪኩን መጠን ያበዛል፣ ያሳንሳልም። መንገዱ በብዙ ጨዋታ ብዛት ሲበላ ልኩ ይሳሳታል፤ በዚያን ጊዜ ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ብቻውን ወደ አንድ ወገን ይሮጣል። በፕሌይስቴሽን ቤት «ጂኒ ገባበት» ይሉታል። ጂኒው የካርቦን መበላት ነው። ለዚህ ማጽዳት አይበቃም፤ ከሌላ ሙት ጆይስቲክ ጤነኛውን ነቅሎ በመበየጃ ብረት መበየድ ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነት ከአሥራ አንዱ ሙታን ሰባት ሕያዋን አወጣሁ። ጋሼም አይተው ተደነቁ፤ ከዚያም ወዲያ ለእያንዳንዱ ዋጋ ይከፍሉኝ ጀመር።

ከሦስቱ መሣሪያዎች አንደኛው ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ ነበር። ይህ ነገር በከተማችን ብዙ ጊዜ ስለሚደርስ ወላጆች ልብ እንዲሉት እፈልጋለሁ። በአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ በእኛ አገር 220 ቮልት ነው። የዚያ አገር ትልቁ ፕሌይስቴሽን 2 በጀርባው ላይ 120 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለው። ዘመድ በፍቅር ተሸክሞ ያመጣዋል፤ ልጆቹ በደስታ ስፒናውን ሶኬት ላይ ይሰኩታል፤ ከዚያም ጠቅ የሚል ድምፅ፣ ጥቂት ጭስ፣ በመጨረሻም ልቅሶ ነው። 220 ቮልት ስንል ውጤታማ ልኩን መናገራችን ነው እንጂ ማዕበሉ ጫፍ ሲደርስ እስከ 311 ቮልት ይወጣል። ለ120 ቮልት በተሠራ መሣሪያ መግቢያ ላይ ያለው ካፓሲተር ግን ብዙ ጊዜ የሚችለው 200 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ፊውዙም እንደ ዘብ ወታደር ነው፤ ከእሱ በስተኋላ ያሉትን ለማዳን ሲል አስቀድሞ ይሞታል። ፊውዙ ተቃጥሎ ሲገኝ ማን እንደ ገደለው ሳይመረመር በሽቦ መተካት፣ ዘቡን አንሥቶ ሌባውን በር ከፍቶ ማስገባት ነው። ከውጭ አገር ዕቃ ሲመጣ ከመሰካት በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ማንበብ ምንም ዋጋ አያስከፍልም።

በዚሁ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ቋጥሮ ይቆያል። የኃይል ክፍሉን መክፈት ኃላፊነት የሚወስድ አዋቂ ሳይኖር የሚሠራ ሥራ አይደለም። የድሮውን ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥንማ ፈጽሞ መንካት አይገባም። እኔም የኃይል ክፍል የምከፍተው በከተማው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከሚጠግኑ አንድ አዛውንት ባለሙያ ፊት ብቻ ነው። ቴስተር ያዋሱኝና አነካኩን ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው።

ሁለተኛው መሣሪያ ዲስክ አላነብም ያለ ነበር። በውስጡ ያለው የማንበቢያ ሌንስ ከበታቹ የሚወጣውን የሌዘር ብርሃን በዲስኩ ላይ ይሰበስባል፤ በትንንሽ ኤሌክትሮማግኔቶችም እየተገፋ ወደ ላይና ወደ ታች እያለ ያነጣጥራል። በዲቪዲ ላይ ባሉት ሁለት ጎረቤት መስመሮች መካከል ያለው ርቀት 0.74 ማይክሮሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር ለሺህ ቢከፈል፣ ከሺዎቹ የአንዱ ሦስት ሩብ ያህል ማለት ነው። እንግዲህ የደባርቅ የበጋ አቧራና በክፍሉ ውስጥ የሚጨስ ከሰል በሌንሱ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርገው መገመት አያዳግትም። በዓይኑ ጉም እንደ ጋረደው እረኛ ነው፤ መንጋው ፊቱ ቆሞ ሳለ አያየውም። በጥጥ ጫፍ፣ በቀስታ፣ ሳይጫኑ ማበስ ብዙውን ጊዜ ያድነዋል። መሣሪያው ሲሠራ ብርሃኑን በዓይን መመልከት ግን ዓይንን ይጎዳል።

ስለ ሌንስ ካነሣሁ አገራችን ራሷ ያስተማረችኝን ነገር ልንገራችሁ። በ2017 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ከሊማሊሞ በታች፣ ከድብ ባሕር አንድ መሣሪያ አምጥቶ ጠገንሁለት። በፊቱ ሠርቶ አይቶ ተረከበኝ። በማግሥቱ ማለዳ በብርዱ በመኪና ጭኖ ወረደ፤ ከደረሰም በኋላ ደውሎ «አሁንም ዲስክ አያነብም» አለኝ። ነገሩን ባሰላስለው ምክንያቱ ታየኝ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ሊማሊሞን ጨርሶ የወረደ ሰው ቆላ ይገባል። የቀዘቀዘ ዕቃ ሞቃትና እርጥብ አየር ውስጥ ሲገባ ጤዛ ይይዛል፤ መነጽር ያላቸው መምህሮቻችን ከብርድ ወደ ወጥ ቤት ሲገቡ እንደሚያጋጥማቸው ማለት ነው። ሌንሱም እንዲሁ ላብ ላብ ብሎት ይሆናል ብዬ፣ «ከሶኬት ይንቀሉትና እስከ ቀትር ድረስ ክፍት ቦታ ያስቀምጡት» አልሁት። ከቀትር በኋላ ሲሰካው ሠራ። ሰውዬው በስልክ መረቀኝ፤ የታደሰው ግን በጸሐይና በትዕግሥት ነው። በጂኦግራፊ ክፍል ስለ ደጋና ቆላ የተማርሁት ትምህርት በፕሌይስቴሽን ሌንስ ላይ ይገኛል ብዬ ከቶ አላሰብሁም ነበር።

በዚያ በ2016 ዓ.ም. በክልላችን የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለ ነበር፣ ሌላው ወጣት በቪዲዮ እያየ የሚማረውን እኔ ከፊዚክስ መጽሐፍ፣ ከአዛውንቱ ባለሙያና ከአንድ ደብተር ነው የተማርሁት። በደብተሩም ላይ የያንዳንዱን መሣሪያ ሕመም፣ ያገኘሁትን ምክንያትና የሠራሁትን ሥራ እጽፋለሁ። ከዚህም የተነሣ ሦስት ሕጎች አወጣሁ። አንደኛው፣ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ነው፤ ሶኬቱን፣ ስፒናውን፣ ገመዱን ሳያዩ ሣጥኑን መክፈት ድካም ነው። ሁለተኛው፣ ባለቤቱን መጠየቅ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ ሻይ የፈሰሰበት ሰው ሻይ ፈሰሰ አይልም፤ «ዝም ብሎ ጠፋ» ይላል። በእርጋታ ሲጠየቅ ግን ይናገራል። ሦስተኛው፣ ብሎኖቹን በወረቀት ላይ በወጡበት ቦታ ሥዕል ላይ መደርደር ነው፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዚህ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

የቤታችን ባለቤት እማማ ማታ ማታ መብራት ስናበራ «ቆጣሪዬን ልትጨርሱት ነው» ብለው ተቆጡ። እኔም ክርክር ትቼ ሂሳቡን በወረቀት ሠርቼ አቀረብሁላቸው። የመበየጃ ብረቴ 40 ዋት ነው፤ የእንጀራ ምጣዳቸው 3,500 ዋት ነው። እሳቸው አንድ ሰዓት በሚጋግሩበት ኤሌክትሪክ እኔ ሰማንያ ሰባት ሰዓት እበይዳለሁ። እማማ ወረቀቱን ለልጃቸው አስነብበው ከሳቁ በኋላ፣ «እንግዲያው ምጣዱን አንተ ነህ የምትጠግነው» አሉኝ። ይህም ስምምነት እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ከባዱ ነገር ግን የቆጣሪው አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር በገበያ ቀን አባቴ ስንቅ ጭነው መጡ። ክፍላችን ሲገቡ ወለሉ ላይ የተፈታ ሣጥን፣ ገመድና ጆይስቲክ ሞልቶ አዩ። አባቴ ስለ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጎረቤታችን ልጅ ትምህርቱን የተወው እዚያ እየዋለ መሆኑን። ቆመው ቆዩና «ልጄ፣ እዚህ ያስቀመጥሁህ ለፊደል ነው ወይስ ለጨዋታ?» አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ከቁጣም ይልቅ ያ አስፈራኝ። በዚያች ሰዓት የትምህርቴ ነገር በእሳቸው አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና።

ደብተሬን ከፍቼ የኪራዩን ሂሳብ አሳየኋቸው፤ ከጥቅምት ጀምሮ የእኔን ድርሻ ከቤት አልጠየቅሁም ነበር። የፊዚክስ ፈተናዬንም አሳየኋቸው። አባቴ ማንበብ አይችሉም፤ ነገር ግን ከወለሉ ላይ አንድ ገመድ አንሥተው በጣታቸው እያሹ «ይህ የተበጠሰው የት ላይ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ከአንገቱ ላይ ነው አባባ፤ ወደ ጆይስቲኩ ከሚገባበት።»

«ሌሎቹስ?»

«አብዛኞቹ ከዚያው ላይ ናቸው።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁና «ምራንም እንዲሁ ነው። መሐሉ ላይ አይበጠስም፤ ሞፈርና ቀንበር ሲታገሉ ከሚውሉበት ላይ ነው የሚበጠሰው። ገበሬ ጥማዱን ከማውጣቱ በፊት የሚያየው እሱን ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማናቸውንም መሣሪያ ስከፍት አስቀድሜ የማየው መገጣጠሚያውን ነው፤ ገመድ ከቦርድ፣ ሶኬት ከብየዳው የሚገናኝበትን። ይህን ትምህርት በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም፤ ዕድሜውን ሁሉ ሲያርስ ከኖረ ሰው አገኘሁት። ሲሄዱም «የቤት ሥራህን ሳትጨርስ ያንን ካቻቢቴ እንዳትነካ። ደረጃህ የወረደ እንደ ሆነ ጆንያውን ወንዝ የምጥለው እኔ ነኝ» ብለው አዘዙኝ። ትእዛዛቸውን ጠብቄአለሁ።

አያቴ ግን እንዲህ በቀላሉ አልታረቁም። ነገሩን በሰሙ ጊዜ «የእኛ ዘር ቀጥቃጭ ወጥቶት አያውቅም» አሉ። ይህ ቃል ለከተማ ልጅ ቀልድ ይመስለዋል፤ በእኛ አገር ግን ከባድ ቃል ነው። በጎንደርና በስሜን ማረሻውን የሚሠራው፣ ድስቱንም የሚያበጀው ሰው ለብዙ ዘመን ክፉ ስም እየተሰጠው፣ ከማኅበርም እየተለየ ኖሯል። ከእነዚህ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። «እምዬ፣ እነሱ ከሄዱ በኋላ ማረሻ ማን ያሾልላችሁ ነበር?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ጥቂት ዝም ብለው «ተቸግረን ነበር» አሉኝ። መልሱ በዚህ ቃል ውስጥ አለ። ሰው የሚንቀውን እጅ የሚፈልገው ካጣው በኋላ ነው።

ታሪካችንም ይህንኑ ይመሰክራል። በዚሁ በስሜን፣ በደረስጌ ማርያም፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከአውሮፓ የእጅ ባለሙያ ለማግኘት እስከ ዘመናቸው ፍጻሜ ድረስ ደክመዋል። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ያስቀለጡትም ስለዚሁ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቃሉ ግን ገና እስከ አያቴ ምድጃ ድረስ አልደረሰም።

በሌላው ዓለም የሆነውን ደግሞ እንመልከት። በቤት ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካውን የመጀመሪያውን የጨዋታ መሣሪያ፣ ማግናቮክስ ኦዲሲ የተባለውንና እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ የወጣውን፣ ያሰበው ራልፍ ቤር ነው። እሱም በልጅነቱ ከጀርመን አገር ከናዚዎች ሸሽቶ ወደ አሜሪካ የገባ ሲሆን፣ የሬዲዮ ጥገና በደብዳቤ ተምሮ በኒው ዮርክ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ጨዋታው በካርትሪጅ እየተለዋወጠ እንዲሰካ ያደረገውን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን ቻናል ኤፍ የተባለውን መሣሪያ የሠራውን ቡድን የመራው ደግሞ ጄሪ ሎውሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እሱም በወጣትነቱ በኒው ዮርክ የሰው ቴሌቪዥን እየጠገነ ገንዘብ ያገኝ ነበር። ልብ በሉ፤ ሁለቱም አዲስ ነገር ከመፍጠራቸው በፊት ጠጋኞች ነበሩ። የተሠራውን ፈትቶ ያላየ ሰው፣ ያልተሠራውን ለመሥራት ከየት ይጀምራል? በአገራችንም ኩኩሉና ገበታ የተባሉ የእጅ ስልክ ጨዋታዎች በአዲስ አበባ ተሠርተዋል፤ ስለዚህ መንገዱ ለኢትዮጵያ ልጅ የተዘጋ አይደለም።

ወላጆች ስለ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚያሰሙት ሮሮ እውነት ነው፤ አልክድም። የምሳ ገንዘቡን እዚያ የሚጨርስ፣ ከክፍል ቀርቶ እዚያ የሚውል ጓደኛ አለን። ነገር ግን አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። ከእኔ ዘንድ መጥተው መሣሪያው ተከፍቶ ያዩ ልጆች ጥያቄያቸው ይለወጣል። ቀድሞ «ማን አሸነፈ?» ይሉ የነበሩት «ይህ ምን ይሠራል?» ማለት ይጀምራሉ። ልጅን ከሣጥኑ ፊት በዱላ ከማስነሣት፣ አንድ ቀን ሣጥኑን ከፍቶ ማሳየት ሳይሻል አይቀርም። እኔ ራሴ ከጠገንሁ ወዲህ የምጫወተው መሣሪያው መዳኑን ለመፈተን ያህል ነው።

ከዚህ በላይ በ9ኛ ክፍል ሦስት ሆነን እንቀመጥ እንደ ነበር ተናግሬአለሁ። ሦስተኛው ጓደኛችን በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ስንቅ ልወስድ ስሄድ በግ ሲጠብቅ አገኘሁት። የኪራዩን ነገር ሁለታችን እንደምንችለው ነገርሁት። አባቱም ብዙ ካሰቡ በኋላ ፈቀዱለት። በዚህ በ2018 ዓ.ም. ከእኛ ሁለት ክፍል ዝቅ ብሎ ትምህርቱን ቀጥሏል። በክፍላችን ሦስተኛው ፍራሽ የእሱ ነው፤ ጆይስቲኮቹንም የሚያጸዳው አሁን እሱ ነው፤ ከእኔ ይልቅ እጁ ረጋ ያለ ነውና። አንድ የተበላ ጎማና ጥቂት አልኮል አንድን ልጅ ከበግ ጥበቃ ወደ ትምህርት ቤት ይመልሳሉ ቢሉኝ አላምንም ነበር።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፣ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በየቤታችሁ ጆንያ ውስጥ የተጣለ ሬዲዮ፣ ባትሪ መብራት፣ ካውያ ወይም ጆይስቲክ አይጠፋም። ከመጣሉ በፊት ለምን እንደ ሞተ መርምሩ። ክቡራን መምህሮቻችንንም የምንለምነው፣ በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ የፊዚክስ ክፍሉ እንዲከፈትልንና አንድ መምህር እየተቆጣጠሩን የተሰበረውን እያመጣን እንድንማርበት ነው። የቤተ ሙከራችን ጥቂት መሣሪያዎችም ተበላሽተው በቁም ሣጥን ተቆልፈዋል፤ በእነሱ ብንጀምር ይጠቅማል። እናንተም ወላጆቻችን፣ እጁ በጥቀርሻ የተነካ ልጅ ስታዩ ከትምህርት የወጣ አይምሰላችሁ።

አያቴን በተመለከተ፣ ባለፈው ፋሲካ በቤታችን ሬዲዮ ላይ የላላውን ሽቦ በይጄ ዜና ካሰማኋቸው ወዲህ ነገሩ ጥቂት ተሻሽሏል። ጎረቤት ሲጠይቃቸው አሁንም ቀጥቃጭ የሚለውን ቃል ላለመጥራት ሲሉ «የልጅ ልጄ የሬዲዮ ሐኪም ነው» ይላሉ። እኔ በማዕረጉ አልከራከርም። ይሁን እንጂ ጠጋኝ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ የሚሉት ስሞች ሳይለወጡ የሚከበሩበትን ቀን እናይ ዘንድ እመኛለሁ።